ሙሉ ልብስ የለበሱት ተላላኪ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ዋና በር ላይ በጥበቃነት ቆሜያለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሆኖም የሚገባው ሰው እጁን የት እንዳደረገ፣ ቦርሳው በየትኛው ትከሻው ላይ እንደከበደው፣ ዓይኑ ከማን እንደሚሸሽ ለማየት አራተኛ ክፍል ይበቃል። ማንንም አላምንም። ማመን የሌሎች ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ መፈተሽ ነው። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው፣ ስለ አንድ ሰው የምጽፈው ምስጋና በቀላሉ ከሚያምን ሰው የመጣ እንዳይመስል ነው።

ሰውዬው የመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ ናቸው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በእግራቸው ደብዳቤ ያደርሳሉ፤ ፒዮን ቡክ በምንለው ባለ ጠንካራ ሽፋን የማስረከቢያ መዝገብ ላይም ተቀባዩን ያስፈርማሉ። ያልተፈረመበት ነገር በእሳቸው ዘንድ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ሠራተኛው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ፈርሙልኝ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም።

እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ማን እንደሆኑ አላወቅሁም ነበር። በየጠዋቱ ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ጥቁር ግራጫ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሱ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ፣ ረጅም ሰው ቀጥ ብለው ይመጣሉ። የመምሪያ ኃላፊ መሰሉኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ተረከዜን ገጥሜ፣ ቆቤን ነክቼ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። እሳቸውም ጎንበስ ሳይሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይመልሱልኛል። በሦስተኛው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አፏ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው፣ ቆማ አየችኝና ሳቋ መጥረጊያዋን አስጣላት።

«አንተ ሰውዬ! ለፈርሙልኝ ነው እንዴ እንደ ጄኔራል አጃቢ የምትገተረው? ተላላኪያችን እኮ ናቸው!»

የሁለት ሳምንት ሰላምታዬን የበሉብኝ ያህል ተሰማኝ። ተላላኪ ሆኖ ሙሉ ልብስ የሚለብስ ሰው አንድ የሚሸፍነው ነገር አለ አልኩ። ልብ ብዬ ስመለከት፣ የኮታቸው የግራ ደረት እንደ ጣውላ የደረቀ ነው። በማግሥቱ በሩ ላይ አቆምኳቸው።

«ኮትዎን ይክፈቱ።»

«በደስታ። ግን ፈትሸህ ስትጨርስ ትፈርምልኛለህ።»

«ምን ብዬ?»

«ያገኘኸውን። ቦምብ ካገኘህ ቦምብ፣ ደብዳቤ ካገኘህ ደብዳቤ።»

ኮታቸውን ከፈቱት። ከብብታቸው ሥር ተነሥቶ እስከ ወገባቸው የሚወርድ፣ በወፍራም ጨርቅ የተገበረ፣ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ የውስጥ ኪስ አየሁ። በውስጡ አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ሳይታጠፍ፣ ሳይጨማደድ ተኝቷል። ሌላ ምንም የለም። መዝገቡን ዘረጉልኝ፤ «ፈትሼ ደብዳቤ አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ በመጻፍ ቀርፋፋ ነው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሲያጉረመርም እሳቸው ግን አላጣደፉኝም። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ከእኔ የጥበቃ ቤት አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ መብላት ጀመሩ። የኪሱን ነገር የነገሩኝም እዚያ ነው።

ሥራ በጀመሩበት ዓመት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ይሮጡ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ የተባረረ ሰው ይግባኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲያደርሱ ተሰጣቸው። የዚያኛው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አያቸውና ሎተሪ አዟሪ ናቸው ብሎ ከበር ውጭ አቆማቸው። ደብዳቤ ይዣለሁ ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ዝናብ መጣ። ፖስታውን በሸሚዛቸው ሸፈኑት፤ ሸሚዙም ፖስታውም አንድ ላይ ራሱ። ሲገቡ ማኅተሙ ፈስሶ፣ ቀለሙ ተጨማልቆ ነበርና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ይህን አልቀበልም» አለቻቸው።

«ሰውዬው ይግባኙን አጣ» አሉኝ። «ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝ። በደስታ ጨበጠኝ። እኔ መሆኔን አያውቅም። ያን እጅ ስጨብጥ የተሰማኝን ለማንም አልመኝም።»

በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ሙሉ ልብስ አሰፉ፤ ኪሱን ራሳቸው በፖስታ ለክተው አስቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ልብሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የኪሱ ልክ ግን አልተቀየረም። ጎንበስ የማይሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎንበስ ካሉ ደብዳቤው ይታጠፋል።

ይህን ከሰማሁ በኋላም መፈተሼን አልተውኩም። ደንብ ደንብ ነው። ሆኖም ከፈተሽኩ በኋላ ቁልፋቸውን እስኪቆልፉ ድረስ በሩን ይዤ እጠብቃቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በመጀመሪያው ስብሰባ «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን፤ አንተ በሉኝ» ብሏል። ቃሉን አከብራለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥም አንተ በተባለ ልክ እጠራዋለሁ። ጂንስ ሱሪ፣ ደረቱ ላይ ስዕል ያለበት ቲሸርትና እንደ ወተት የነጣ ሸራ ጫማ ያደርጋል። ከአፉ የማትጠፋው ቃል «ዘና በሉ» የምትለው ናት። ይህች ቃል ሁልጊዜ ከትእዛዝ በፊት እንደምትመጣ ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ችግሩ የተነሣው በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ነው። ከአንድ ትልቅ ድርጅት ሦስት እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሊቀበላቸው ስልኩን እየነካካ ወረደ። በዚያው ቅጽበት ፈርሙልኝ ደብዳቤ በኪሳቸው አስገብተው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው ሊወጡ ነበር። የእንግዶቹ አለቃ፣ ሸበቶ ሰው፣ ወደ እሳቸው ተወርውሮ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ጎንበስ አለ።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ! እንደው በስልክ ብቻ ስንፈላለግ ከርመን!»

ከዚያም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረና ቦርሳውን አቀበለው። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይችን ያዝልኝ። ውሃም ካለ አምጣልን።»

ሥራ አስኪያጁ ከድንጋጤው የተነሣ ቦርሳውን ተቀበለ።

ፈርሙልኝ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ ጌታዬ፤ እኔ ተላላኪው ነኝ። ቦርሳዎን የያዙልዎት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።»

እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች፤ ከዚያ የተሰማው ድምፅ ሳል ነው ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች።

ከስምንት ቀን በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የቢዝነስ ካዥዋል አለባበስ መመሪያ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ወረቀት ሲያነብ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያነብባል፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። በላይኛው ክፍል ያለው ለክርክር የሚሆን አልነበረም፤ የተቀደደ ሱሪ አይለበስም፣ ነጠላ ጫማ አይደረግም፣ ሸሚዝ ኮሌታ ይኑረው፣ ልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ታች ግን የመምሪያ ኃላፊዎች ያለ ከረባት ኮት መልበስ እንደሚችሉ፣ ተላላኪን ጨምሮ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች የድርጅቱ ዓርማ የታተመበት ቲሸርት እንደሚለብሱ፣ ሙሉ ልብስና ከረባት ለማንም እንደማይፈቀድ ተጽፏል። ለእኛ ለጥበቃዎችም ደንብ ልብሱና ቆቡ ቀርቶ ቲሸርት ታትሞ እስኪመጣ እንድንጠብቅ ተነገረን።

በሕንጻው ውስጥ አንድ መቶ አርባ ሰው ይሠራል። ከመካከላቸው ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የሚለብሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለመቶ አርባ ሰው የተጻፈው መመሪያ የተለካው በአንድ ሰው ትከሻ ነበር።

እሳቸው ወረቀቱን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አነበቡት። አልተቆጡም። ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ። ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አለቃዋን ግን ትፈራለች። ቢሮዋ ከዋናው በር አጠገብ ነው፤ በሩም ክፍት ስለነበር ንግግራቸውን ሰምቻለሁ።

«እኅቴ፣ አንድ ቀን ቲሸርቱን ለብሼ ልሞክረው። ሳልሞክር እምቢ ብል ግትር ትሉኛላችሁ።»

«ተባረኩ ጋሼ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቀለል ይልዎታል፤ ያዩታል።»

በማግሥቱ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰው መጡ። ዓርማው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ደብዳቤውን በላስቲክ ክላሰር አስገብተው በብብታቸው ያዙት። ሁልጊዜ በቀን ዘጠኝ ወይም አሥር ደብዳቤ ያደርሳሉ። በዚያ ቀን ያደረሱት አንድ ነው። ማታ ሲመለሱ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ሁሉም ሰዓት በሰዓት ተጽፏል። ሦስት ሰዓት ላይ ከተላኩበት መሥሪያ ቤት ደጅ ደረሱ፤ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በክብር ያስገባቸው ዘበኛ አላወቃቸውም፤ «ዕቃ አቅራቢ በኋላ በር ነው» አላቸው። በኋላ በር ሲሄዱ ከሳሙናና ከወረቀት ካርቶን ጋር ተሰለፉ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ጸሐፊዋ «ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ሂድ» አለቻቸው። ሳትፈርሚ አልሄድም አሉ። የምሳ ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ፈረመች። የፖስታው ጠርዝ ታጥፏል። በእያንዳንዱ ቃል ሥር ራሱ ዘበኛው፣ ራሷ ጸሐፊዋ ፈርመውበታል። እንዴት እንዳስፈረሟቸው አልጠየቅሁም፤ እኔንም አስፈርመውኛል።

መዝገቡን ለሰው ኃይል ኃላፊዋ አቀረቡ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእነሱ ዘበኛ ችግር ነው።»

«እኔ የምሠራው በእነሱ በር ላይ ነው እኅቴ። እዚህማ ወንበርም የለኝ።»

በማግሥቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ መስኮት አያቸው። ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መጣችና ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ልብስ መግባት እንደማይችሉ በቃል ነገረቻቸው።

«ቁጥር አለው?» አሉ።

«ምኑ?»

«የምትነግሪኝ ነገር። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያደረስኩት ደብዳቤ ነው፤ ወሬ አድርሼ አላውቅም፤ ወሬም አልቀበልም።»

ዓርብ ዕለት ደብዳቤው ተጻፈ። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው። ከሰኞ ጀምሮ በሙሉ ልብስና በከረባት ቢገኙ ከደብዳቤ ሥራ ተነሥተው ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን በዕቃ ቆጣሪነት እንደሚዛወሩ ይገልጻል። በግልባጩ እኔም አለሁበት፤ ሰኞ ጠዋት በር ላይ እንዳስቆማቸው ታዝዣለሁ። ለጡረታ የቀራቸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። መጋዘኑ በሁለት ታክሲና በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ይታመማል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የመጨረሻ ሥራቸው ጆንያ መቁጠር ሊሆን ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ስልክ ደውለው ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ኮቱን ዘርግተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ እየገፉ ነበር። እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይወለውላሉ።

«ግባ ወንድሜ፤ ግባና ይህን ሰው ንገርልኝ» አሉኝ እትዬ። «ለአንድ ዓመት ነው! ለአንድ ዓመት ቲሸርት ቢለብስ ቆዳው ይነሣል?»

«ነግሬሻለሁ» አሉ ፈርሙልኝ ዓይናቸውን ከጫማው ሳያነሡ።

«ምኑን ነገርከኝ! ሙሽራ አድርገህ ያገባኸኝ በዚሁ ኮት ነው፤ ልጄንም የዳርኩት በዚሁ ኮት ነው፤ የምትቀበረውም በዚሁ ኮት ነው። እንደው አንድ ቀን እንኳ አውልቀህ ሰው ምሰል!»

«ያኛው የመጀመሪያው ኮት ነበር። ይህ ሦስተኛው ነው።»

«እሰይ! አሁን ተጽናናሁ።» ካውያውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? ነገ እዚያ በር ላይ የምትቆመው አንተ ነህ አሉ።»

«ትእዛዝ አለኝ እትዬ» አልኩ። ወደ እሳቸውም ዞርኩ። «ጋሼ፣ ኮቱን በቦርሳ ይዘው ገብተው፣ ውጭ ሲወጡ ቢለብሱትስ? ማንም አያይዎትም።»

ብሩሹን አስቀመጡት። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ በሩ ላይ ሰውን የማይበት አስተያየት ነበር።

«ወንድሜ፣ እኔ የሰረቅሁት ነገር የለም። ልብሴን እንደ ሌባ ዕቃ ደብቄ አልወጣም። ቆሻሻ ነው? ተቀድዷል? ሥራዬን አበላሸ? እነዚህን ከጻፉ ዛሬውኑ አወልቃለሁ። እነሱ የጻፉት ግን ተላላኪ ስለሆንኩ ነው። ለተላላኪነቴ አላፍርም፤ እነሱ ያፍሩልኝ እንጂ።»

እትዬ ኮቱን አገላብጠው የውስጡን ኪስ ጎተቱና ካውያውን አሳረፉበት። ከላይ የማይታይ ኪስ ነው፤ ማንም የማይተኩሰው። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ተኮሱት። ያን ጊዜ የሴትዮዋ መልስ ገባኝ።

ሰኞ ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቀጥ ብለው መጡ። ከረባታቸው ጥቁር ቀይ ነው። የሠራተኛው ሰልፍ በር ላይ ረዝሟል፤ ሁሉም ነገሩን ሰምቷል።

«ሙሽራው ደረሱ!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ዛሬ ማንን ሊያገቡ ነው ጋሼ?»

«መጋዘኑን» አለ አንዱ ከኋላ። የሳቁት ጥቂቶች ናቸው።

እጄን ዘረጋሁ። ሕይወቴን ሙሉ ስዘረጋው የኖርኩት እጅ ያን ቀን ከበደኝ። «ጋሼ፣ ማለፍ አይችሉም። ትእዛዝ ነው።»

«አውቃለሁ። ደብዳቤውን ያስፈረምኩህ እኔ ነኝ።» ፒዮን ቡኩን ከብብታቸው አውጥተው ገለጡት። «ትእዛዝህን ፈጽም። ምክንያቱን ጻፍልኝና ፈርምልኝ። ‹ንጹሕ ሙሉ ልብስ ስለለበሰ ከሥራ ገበታው አገድኩት› በል። እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ነገሩን በአፍ ሲናገሩት ትእዛዝ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሊያሰፍሩት ሲሉ ግን ሌላ መልክ አለው። የሰው ኃይል ኃላፊዋን አስጠራሁ። መጣች፤ እንድጽፍ የተነገረኝን ምክንያት ሰማች፤ ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ በደብዳቤው ላይ እኮ ፈርሜያለሁ።»

«በደብዳቤው ላይ ‹በመመሪያው መሠረት› ነው የሚለው። እዚህ ላይ መመሪያው ምን እንዳደረገኝ ነው የምትፈርሚው።»

አልፈረመችም። ሥራ አስኪያጁ በነጭ ጫማው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሰልፉ ከፍሎ አሳለፈው።

«አባት፣ ምን ያካብዱታል? ዘና በሉ እንጂ!»

«ዘና ብያለሁ ልጄ። ፈርምልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ተቀበለ። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠ። በየመሥመሩ የሰው ፊርማ አለ፤ የብርቱካናማው ቲሸርት ቀንም እዚያው ሰዓት በሰዓት ተቀምጧል። እስክሪብቶውን አስጠጋ። ዙሪያውን አየ፤ ቢያንስ አርባ ሰው ያየዋል። እጁን መለሰው።

«ይህ መዝገብ በኋላ የት ነው የሚሄደው?»

«መዝገብ ቤት። ሲሞላ እዚያ ይቀመጣል። ማንም ጠይቆ ያየዋል።»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ወረወረ ማለት ይቻላል። «ትእዛዝ የተሰጠው ጥበቃው ነው፤ እሱ ይፈርም!»

እንግዲህ ነገሩ ከሁሉ ወርዶ በእኔ ላይ አረፈ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ትእዛዝ ከላይ ይነሣና ፊርማው በር ላይ ያለውን ሰው ይፈልጋል። አሥራ አንድ ዓመት ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ይህን አለመጠርጠሬ ቆጨኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ፈርሙልኝ እንደ ወትሮአቸው ሳያጣድፉኝ ቆሙ። ቃል በቃል እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ተላላኪው በሥራ ቦታቸው ተገኝተዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ፈትሼ ደብዳቤ አገኘሁ። አስገብቻቸዋለሁ።» ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከትከሻዬ በላይ አነበበው። «ያልኩህ ይህን ነው?»

«ጻፍ አልከኝ፤ ያየሁትን ጻፍኩ» አልኩት። አንተ በሉኝ ስላለ አንተ አልኩት። «የተቀጠርኩት ያየሁትን እንድመዘግብ ነው። አንተ ያየኸው ሌላ ከሆነ መሥመሩ ክፍት ነው።»

መሥመሩ ክፍት እንደሆነ ቀረ። እጄን አጠፍኩና በሩን ከፈትኩ። ፈርሙልኝ ኮታቸውን ቆልፈው ጎንበስ ሳይሉ ገቡ። የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እንደ ጄኔራል አጃቢ ተከተለቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን በጥበቃነት ተዛውሬያለሁ። ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ከውስጥ ኪሳቸው አወጡት፤ አንድም ጠርዙ አልታጠፈም። ምን እንደያዘ ያውቁ ነበር።

«ፈርምልኝ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ምን ያቅበጠብጥዎታል ጋሼ? ደብዳቤ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ።

ስለ ሙሉ ልብሳቸው ከዚያ ወዲህ በቃልም በጽሑፍም የጠየቃቸው የለም። መመሪያው አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ አሉ፤ ፀሐይ አገርጥታዋለች።

እኔ አሁን ይህን የምጽፈው ከመጋዘኑ በር ነው። እዚህ ቆርቆሮ፣ አቧራና ጆንያ ነው ያለው። መሥሪያ ቤቱ የታተመውን ቲሸርት በላስቲክ አሽጎ ላከልኝ፤ በመረከቢያው ላይ «ተረክቤያለሁ፤ አልለበስኩም» ብዬ ፈርሜ መለስኩ። ደንብ ልብሴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ቆቤን አድርጌ እቆማለሁ። ለጆንያ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የምትለብሰው ብለው የጭነት ሠራተኞች ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

ሐሙስ ሐሙስ የመጋዘኑን ደብዳቤ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። በአቧራው መንገድ ላይ፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ከሩቅ እንኳ ቀጥ ብለው ይታያሉ። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ይቆሙና ጫማቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ተረከዜን ገጥሜ፣ ቆቤን እነካለሁ። ለሁለት ሳምንት ሳላውቅ የሰጠሁትን ሰላምታ አሁን አውቄ እሰጣለሁ።

ከዚያ በኋላ፣

«ኮትዎን ይክፈቱ» እላቸዋለሁ።

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ይከፍቱታል፤ እፈትሻለሁ፤ ደብዳቤ አገኛለሁ፤ እፈርማለሁ።